የጣቢያው ሰውዬ አጭር መልስ

ልጆቼ፣ ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ያየሁትን ግን ቶሎ አልረሳም። የስልኬን መስታወት ላስቀይር አንዲት የስልክ ጥገና ሱቅ ገብቼ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ዝናብ የመታውን ኮታቸውን እያራገፉ ገቡ። ሠላሳ ዓመት ባቡር ጣቢያ ሆነው ባቡሮችን በሬዲዮ ሲያሳልፉ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈራችን «ጣቢያው» ይላቸዋል። ስልካቸውን ጠጋኟ ፊት አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል። የልጄን መልእክት ማስገባት ካቆመ ሦስት ወሩ።»

ጠጋኟ ኮሌጅ የጨረሰች ወጣት ናት። ራሷ መልእክት ላከችበት፤ ወዲያው ጮኸ።

«አባባ፣ ስልኩስ ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ልጄ የታለች? እስቲ ውስጡን እዪው፤ መንገድ ላይ የቀረ ነገር አይጠፋም።»

ከፍታ ስታነብ ፊቷ ጠቆረ። በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው የስድስት ወር ፅንስ እንደጨነገፈባት ረጅም አድርጋ ጽፋለች፤ «አባዬ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ» ትላለች። ከሥሩ የአባት መልስ፤ «መልእክትሽ ደርሶኛል። በርቺ።» ከዚያ የእሷ «አመሰግናለሁ።» ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«አባባ፣ ተቆጥተዋት ነበር እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! በእኛ ሥራ አንድ ትርፍ ቃል ሁለት ባቡር ያጋጫል። ደርሶኛል ካልኩ ደርሶኛል ነው። ከዚያ በላይ መለፍለፍ የወሬኛ ሥራ ነው።»

«ልጅዎ ባቡር ናት?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ሁለታችንንም ገላመጡን።

«እናንተ ደግሞ ፊደል ቆጠርን ብላችሁ! ልጄ እኔን ታውቀኛለች።»

«የምታውቀው ፊትዎንና ድምፅዎን ነው፤ እነሱ ደግሞ አልተላኩላትም። ለመሆኑ ያን ያነበቡ ዕለት ምን ሆኑ?»

ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ለሕፃኑ አልጋ እየሠራሁለት ነበር... አውጥቼ ፈለጥኩት።»

«ይህንን ማን ነገራት?»

ጠጋኟም ለልጃቸው የጻፉትን መልስ፣ የቢሮ ጸሐፊ ደብዳቤ እንደሚያነብ፣ በደረቁ አነበበችላቸው።

«እንዲህ አላልኳትም!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«እሷ የሰማችው ግን ይህንን ነው፣ አባባ። ያዘነ ሰው ጽሑፍን በሐዘኑ ድምፅ ነው የሚያነበው። እስቲ እርስዎ እንዳሰቡት ይበሉት።»

«መልእክትሽ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። እኔም ዝናቡን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ትንሽ ቆይቼ፣ «ወንድሜ፣ አጠገብዎ ብትሆን ትከሻዋን ያቅፏት ነበር» አልኳቸው። «ጽሑፍ እጅ የለውም። ያንን በቃል መሙላት የእኛ ፈንታ ነው።»

«እኮ ምን ልበላት?»

«አሁን ለእኛ የነገሩንን» አለች ጠጋኟ።

በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ። «ልጄ፣ ደነገጥኩ እንጂ አልጨከንኩም። አልጋውን ፈለጥኩት። አያት ልሆን ነበር። አለቅስልሻለሁ።»

የእኔ መስታወት ተቀይሮ ካለቀ በኋላም ተነሥቼ መሄድ አቃተኝ። መልሱ ሲመጣ ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ጠጋኟን ለመኗት።

«አባዬ፣ ከቁም ነገር ያልቆጠርከው መስሎኝ ብቻዬን ነው የቀበርኩት። አሁን ማውራት አልችልም። ነገም ጻፍልኝ።»

«ሦስት ወር ሙሉ!» አሉ ሽማግሌው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ከመላካችሁ በፊት በባዳ ሰው አፍ አንብቡት። ነገሩ ከባድ ከሆነ ደውሉ። አጭር መልስ የመጣለትም ሰው ከመቀየሙ በፊት «ምነው?» ብሎ ይጠይቅ። እንዲህ ያደረገ ወዳጁን በከንቱ አያጣም፤ ሐዘኑንም ለብቻው አይሸከምም። ሽማግሌው ይህን ተቀብለው ዛሬ በየጠዋቱ ይጽፋሉ፤ ምን እንዳዩ፣ ምን እንዳሰቡ፣ እንዴት እንዳደሩ። ልጅቷ አንዳንድ ቀን ትመልሳለች፤ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች።

ድምፅዋን ግን እስካሁን አልሰሙም።