ባህር የደረቀባቸው ሽማግሌ

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ የሚኤሶ ከብት አርቢ ሽማግሌና አንዲት የጭሮ ጫት ነጋዴ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ጅቡቲ ያለችውን ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው።

«ታዲያ አባባ፣ ከተማውን አስጎበኙዎት?»

«የልጄ ባል አሮጌውን መስጊድ አሳየኝ፣ ወደቡንም አሳየኝ። የተጣላነው ባህሩ ላይ ነው።»

«ባህር ደግሞ ምን ያጣላል?»

«ጠዋት ሙሉ ነበር። ዙህር ሰግደን ብንመለስ የለም። ጀልባው ሁሉ ጭቃ ላይ ተጋድሟል።»

«የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ድርቅ ግን አውቃለሁ። ልጄን ‘ፍየሎችሽን ሳይከሱ ቶሎ ሽጪ’ አልኳት።»

«እሷስ?»

«ሳቀች። ባሏ ደግሞ ‘ባህሩ በየቀኑ ይሸሻል፣ በየቀኑ ይመለሳል’ አለኝ።»

«አላመኑትማ።»

«ከብት ነው እንዴ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ?»

«እና ቀረ?»

«እዚያው ቁጭ ብዬ ዱዓ አደረግኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መግሪብ ሳይደርስ መጣ፣ ወላሂ።»

«በየቀኑ የሚመጣ ከሆነማ በርስዎ ዱዓ አይደለም።»

«በየቀኑ ዱዓ የሚያደርግ ሰው ይኖራላ።»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ለሚኤሶስ አላደረጉም?»

«ስንት ዓመቴ። የኛው ውሃ መንገዱ ቢርቅበት ነው እንጂ መምጣቱ አይቀርም።»

የደረቀውን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር እኔም ውሃው መጥቶ እንደሆነ ብዬ አንገቴን በመስኮት አስግጌ ቁልቁል አየሁ።