ዓሣ ፍሪዘር የገባው ሃርድ ዲስክ

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ የሟች ባለቤታቸው ድምፅ የቀራቸው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ በልጃቸው ሠርግ መንዙማ ሲሉ የተቀረጹት። ዲስኩ ሲሰካ ብቅ እያለ ቢጠፋባቸው ለጠጋኝ ሰጡት። ይህን ስሰማ ሮጬ ሄድሁ። ጠጋኙ ዲስኩን ከየት ቢያወጣው ጥሩ ነው? ጣና ዳር ካለው ሱቁ አጠገብ፣ ከዓሣ ቤቱ ፍሪዘር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ ሥር።

«ሲቀዘቅዝ ይነሳል፤ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ» አለኝ።

«ገመዱንስ ቀይረህ ሞክረሃል?»

«ገመድ ምን ያደርጋል? በሽታው ከውስጥ ነው።»

ደሜ ፈላ። ብቅ እያለ የሚጠፋ ዲስክ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው፤ በቂ ኃይል ካልደረሰው ይጠፋል። ከፍሪዘር የወጣ ነገር ደግሞ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል፤ በዚያ እርጥበት ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ዲስኩን መግደል ነው። ቀማሁትና ብርዱ እስኪለቀው ፌስታሉን ሳልፈታ ግማሽ ቀን አቆየሁት። ከዚያ እትዬ ዘይነባን ጠርቼ እዚያው ሱቅ በራሴ ገመድ ስሰካው ወዲያው ተከፈተ።

ጠጋኙ ፈጠን ብሎ «አላልሁዎትም? ብርዱ አዳነው» አላቸው።

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ» ብለው መረቁት። እሱን።

ስለ ገመዱ ላስረዳ አፌን ስከፍት የባለቤታቸው ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «እስቲ ዝም በል፣ ልስማቸው» አሉኝ። እልሄን ውጬ መንዙማውን ሌላ ሁለት ቦታ መገልበጥ ጀመርሁ።