የድንቡሼ እሺታ

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር። ልብስ መስፊያ ቤቴ ሆኜ የጎረቤቴን የአስተርጓሚውን ሱሪ ሳሳጥር ወንድሜ ከሆስፒታል ደወለ። የአባታችን ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተው ነበር። እዚህ ያለው እኔ የተናገርኩት ብቻ ነው፤ እሱ ያለውን እሱ ይጻፈው።

— ሄሎ... አቤት ወንድሜ... ቆይ፣ የስፌት መኪናውን ላቁመው፣ እየጮኸ ነው... እሺ፣ አሁን እሰማሃለሁ።

— ተገኘ? ኩላሊት ተገኘ? እሰይ! ከማን?

— ...ከድንቡሼ? ከኛዋ ድንቡሼ? ከትንሿ እህታችን?

— እሷ እኮ ትናንት እኔ ጋ ስትጫወት አምሽታ ምንም ትንፍሽ አላለችም! መርፌ ስታይ የምትሸሽ ልጅ ዛሬ ጎኗን ልትከፈት ነው? ማን አባበላት?

— አትቆጣ። መቆጣትህ ነው ይበልጥ የሚያጠራጥረኝ።

— ምን ሰጠች?... ኮንሰንት? ሐኪሟ ናት እንደዚያ ያለችው?... ተስማማች ማለት ነው? አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግሊዝኛ አዋቂ የሆንከው?

— ቆይማ፣ አስተርጓሚው እዚሁ ናቸው፤ ሱሪያቸው እስኪደርስ መጋረጃ ውስጥ ቆመዋል... ጋሼ! ኧረ አይውጡ፣ እዚያው ሆነው ይንገሩኝ! ሐኪም ኮንሰንት ሲል ምን ማለቱ ነው?... እ?

— ሰማሃቸው? መስማማት ብቻ አይደለም ይላሉ። «ዛሬ ይሞቃል» ብትለኝ እስማማለሁ፣ ለሱ ሌላ ቃል አላቸው። ኮንሰንት ግን በገዛ ራስህ ላይ ለሚደረገው ነገር መፍቀድ ነው። እምቢ ማለት እየቻልክ... ምን አሉ ጋሼ?... አዎ፣ ነገሩን አውቀህ። ደብቀው ወይ አስጨንቀው እሺ ቢያሰኙህ አይቆጠርም።

— እና እሷ አንተ አጠገቧ ቆመህ እምቢ ማለት ትችላለች? አንተ ምላሰ ቅቤ! እባብ ከጉድጓድ የምታወጣ!

— ስጣት። ስልኩን ስጣት ነው የምልህ!

— ድንቡሼ? አለሽ?... ከሱ ራቂ። ወደ መስኮቱ ሂጂ... ራቅሽ? በይ እውነቱን ንገሪኝ። ማን አስገደደሽ?

— ማንም?... ምን፣ እያለቀስሽ ነው?... እየሳቅሽ ነው?

— በራስሽ ሄደሽ ተመረመርሽ? እሱም የሰማው ዛሬ ነው?... ታዲያ እኔን ምነው ደበቅሽኝ?... አዎ፣ እከለክልሽ ነበር። ምን ታደርጊኝ?

— እሺ... እሺ አንጀቴ። አምኜሻለሁ። አባባስ ሲሰማ ምን አለ? አለቀሰ?

— ነገር አታዙሪብኝ ድንቡሼ፤ አባባ ምን አለ?

— ከማን ነው ብላችሁ ነገራችሁት?... ከማይታወቅ ሰው? እና እሱም ደስ ብሎት እሺ አለ?

— ቆይ ቆይ። የሚቀደደው እሱም እኮ ነው! ምኑን አውቆ ነው እሺ ያለው?... ጋሼ፣ ዝም ይበሉ በሞቴ፣ ገብቶኛል!

— ወንድምሽን መልሺልኝ... አንተ! ሐኪሟ ይህን ታውቃለች?... አታውቅም። አባባ ምን እንደሚል ስለምታውቁ ነው የደበቃችሁት።

— እኔም አውቃለሁ። እንደናንተው አውቃለሁ... አትለምነኝ፣ እባክህ አትለምነኝ። አሁን ግቡና ንገሩት። ካልነገራችሁት እኔ መጥቼ እነግረዋለሁ።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ሄሎ?

ስልኩ ተቋረጠ። የዚያኑ ዕለት ለአባባ ነገሩት። «በልጄ ገላ ቢላ አላሳርፍም» አለ፤ ሐኪሟ ብትለምነው፣ ድንቡሼ እግሩ ላይ ብትወድቅ፣ ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ወር ቀበርነው። ድንቡሼ እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም።