የጥራት ጠብ

የሐይቁ ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ከከተማ ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ሳህን ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። ሳህኑ ምግብ ቀምሶ አያውቅም። በገመድ ታስሮ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ከዓይን በተሰወረ ጊዜ ስንት ቋጠሮ ገመድ እንደ በላ ይታያል፤ ብዙ ቋጠሮ ከበላ ውኃው ጠርቷል ማለት ነው። ቀለሙ ስለተላላጠ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወስደው አስቀብተውት ገና አልደረቀም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሐይቁን የለኩት በዚህ ስለሆነ ሰው ሁሉ «ባለ ሳህኑ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል።

አንዲት ወጣት ሳጥን ይዛ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ወደዚያ ጠጋ በይ፤ ቀለም ይነካሻል።»

«ምንም አይደል ጋሼ» አለች። ምንም አልነበረም ማለት ግን አይቻልም፤ ቀሚሷ ላይ ግማሽ ጨረቃ ታትሞበታል።

«ወዴት ነሽ?»

«ወደ ሐይቁ ጣቢያ። ኃላፊውን ፈልጌ ነው።»

ባለ ሳህኑ ለመናገር አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን የሚሰማበት አጋጣሚ በየቀኑ አይገኝም።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነው ይሉታል?»

«በሥራቸው የሚደርስባቸው የለም አሉ። ግን ግትር ናቸው። ቁጥራቸውን ለሰው ከሚሰጡ ጥርሳቸውን ቢሰጡ ይቀላቸዋል አሉኝ።»

«ማነው ያለሽ?» አሉ፣ በቀሩት ጥርሶቻቸው ሳቃቸውን ነክሰው።

«አባቴ። የምንጩ ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ ወንድማቸው።»

ሳቁ እዚያው ደረቀ። ይህችን ልጅ ያዩዋት ገና በእግሯ ሳትሄድ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከእናታቸው የወረሰችውን ፍንጭት ጥርስ እያሳየች አጠገባቸው ተቀምጣለች። ጉንጯን ሊስሟት ከጀሉ። ሆኖም ግትር የተባለ ሰው በአንጀቱ ብቻ አይገዛምና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ጊዜ ሹፌሩ ጮኸ፤ «ባለ ሳህኑ! የሐይቁ ጣቢያ ደርሰናል፤ አይወርዱም እንዴ?»

ልጅቱ መጀመሪያ ጋዜጣውን፣ ቀጥሎ ቀሚሷን፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየች። አፏን በእጇ ያዘች።

«ውረጂ እንጂ» አሏት። «የፈለግሽው ግትር ሰው ደርሷል።»

ነገሩን ለአንባቢ ግልጽ እናድርገው። ወንድማማቾቹ ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ውኃ የሚለኩ ሰዎች ናቸው። ታናሹ ወንዙ ከሚነሣበት ምንጭ አጠገብ፣ ታላቁ ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ ዳር ይሠራሉ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ሁለቱም «የውኃ ጥራት» የሚል ርእስ ሰጥተው ቁጥራቸውን ሰሌዳ ላይ አወጡ። የታላቁ ቁጥር ትልቅ ነበር፤ የታናሹ ኢምንት። ታላቁ ተነሥተው «ወንድሜ ጭቃ እየላከልኝ ነው!» አሉ። ታናሹም «ጭቃውስ ያለው አንተ ጋ ነው፤ ቁጥርህን አታየውም?» ሲሉ መለሱ። ጉባኤው ሳቀ። እነሱ ግን ከዚያ ወዲህ በሠርግም ሆነ በለቅሶ አልተነጋገሩም።

በጣቢያው ክፍል ውስጥ የውኃ መቅጃ ጠርሙሶች በመደርደሪያ ተሰልፈዋል፤ ከበሩ ጀርባ ቦት ጫማና መቅዘፊያ ተደግፏል። ባለ ሳህኑ ሻይ ቀዱላትና ተግሣጻቸውን ጀመሩ።

«ምን ፈልገሽ እንደመጣሽ ገብቶኛል። ቁጥሬን ወደዚያ የጣቢያዎችን ቁጥር ሁሉ ወደሚሰበስበው ኅብረታችሁ ልትከምሪው ነው። ውኃ አትውቀጪ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁበትን አንድ ጮሌ በአንድ ቀን ወስዶ ስሙን ሊጽፍበት?»

«አጎቴ፣ በቁጥርዎ የተጠቀመ ሰው የጣቢያውንና የለካውን ሰው ስም የመጥራት ግዴታ አለበት፤ የኅብረቱ የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው። ዛሬስ ማን ያውቅዎታል? የአውቶቡሱ ሹፌር ብቻ!»

ይህ ትንሽ ወጋቸው። ሻያቸውን ፉት ብለው በሌላ በር መጡ። «እሺ፣ ይጥሩኝ። ግን ሐይቄን አይቶት የማያውቅ ሰው በቁጥሬ ምን ያደርጋል? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። አጣምሞ ይተረጉመዋል።»

«እውነት ነው፤ ቁጥር ራቁቱን ከተላከ ያገኘው ሁሉ የፈለገውን ያለብሰዋል። ስለዚህ እኛ ልብሱን አልብሰን ነው የምንልከው። በምን መሣሪያ ተለካ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ፀሐይ ነበር ወይስ ደመና፣ ትልቅ ቁጥር ምን ማለት ነው፣ ትንሹስ፤ ሁሉም አብሮ ይጻፋል። የሁሉም ጣቢያ አጻጻፍም አንድ ይሆናል።»

«አንድ ይሆናል ስትዪ ሳህኔን ልትጥዪብኝ ነው!»

«ኧረ አጎቴ! ሳህንዎን የሚጥል ሰው እጁ ይቆረጥ። ዘዴን በአንድ ጀንበር መቀየርማ የድሮውን መዝገብ ከአዲሱ መበጠስ ነው። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ ይለካሉ፤ በኋላ አንዱ ሌላውን ይተረጉማል።»

ባለ ሳህኑ በልባቸው «የወንድሜ ልጅ አንደበትስ አላት» አሉ፤ በአፋቸው ግን «ሐይቄ ለራሱ ይበቃዋል» አሉ።

«ይበቃዋል? ሰዎች ሐይቁ ደፍርሷል ሲሉ ሰማሁ።»

ባለ ሳህኑ ኩባያቸውን አሽከረከሩ። ሕመማቸው እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወንዙ በሚገባበት በኩል ሳህኑ ሁለት ቋጠሮ ሳይወርድ ይሰወር ጀምሯል። ጡረታ ሳይወጡ ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ወንዙን ባዩ ቁጥር ደግሞ ልባቸው ወደ አንድ ሰው ያመለክታል።

«ከየት እንደመጣ አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከአባትሽ ነው። ያን ጊዜም ከእሱ ነበር።»

«የአባቴ ውኃ እኮ ኩልል ያለ ነው! ጠጥቼው ነው ያደግሁት።»

«ቁጥሩንስ ምን ታደርጊዋለሽ? በዓይኔ አይቻለሁ፤ ‹የውኃ ጥራት› ይላል፣ ከሥሩ ያለው ቁጥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ! ጥራቱ ትንሽ የሆነ ውኃ ምንድን ነው? ጭቃ ነዋ!»

ልጅቱ ኩባያዋን አስቀመጠች። አንድ ነገር የገባው ሰው ፊት እንዴት እንደሚበራ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

«አጎቴ፣ ጀልባዎ ይሠራል?»

ጀልባው ሐይቁ መካከል ሲደርስ ሳጥኗን ከፈተች። ብርሃን የሚያበራ መሣሪያና ትንሽ ብልቃጥ ነበረበት፤ ውኃ ይቀዳበታል፣ መሣሪያው በብልቃጡ ውስጥ ብርሃን ይለቃል፣ ቁጥርም ያወጣል። «አባቴ የሚለካው በዚህ ነው» አለች።

እዚህ፣ ጥሩው ውኃ ላይ፣ ሳህኑ ወረደ፣ ወረደ፤ ብዙ ቋጠሮ በላ። መሣሪያው ያወጣው ቁጥር ትንሽ ነበር። ወንዙ ወደሚገባበት ቀዘፉ። ቡናማው ውኃ ሳህኑን ወዲያው ዋጠው፤ የመሣሪያው ቁጥር ግን ሽቅብ ተተኮሰ።

ባለ ሳህኑ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«የኔ ቁጥር ሲቀንስ የእሱ ይጨምራል?»

«የእርስዎ የሚለካው ውኃው ምን ያህል እንደጠራ ነው። የእሱ ምን ያህል እንደደፈረሰ። እርስዎ ‹ጥራት› ሲሉ መጥራቱን ማለትዎ ነው፤ እሱ ‹ጥራት› ሲል ደግነቱን ማለቱ ነው፤ ውኃው ለሰው ይሆናል አይሆንም የሚለውን። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ።»

«እና የእሱ ትንሽ ቁጥር…»

«ጥሩ ውኃ ማለት ነበር። የእርስዎም ትልቅ ቁጥር እንዲሁ። ሁለታችሁም ሰሌዳው ላይ የጻፋችሁት አንድ ነገር ነው፤ ‹ውኃዬ ንጹሕ ነው› ብላችሁ።»

ሽማግሌው መቅዘፊያውን ለቀቁት። መጀመሪያ ሳቁ፤ ጀልባው እስኪወዛወዝ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እናታቸው ስትቀበር እንኳ ከመቃብሩ ወዲያና ወዲህ ነበር የቆሙት፤ በአንዲት ቃል ምክንያት።

«ደውዪለት» አሉ።

ደወለች፤ ነገሩን ለአባቷ አስረዳችና ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ወንድሜ» አሉ ባለ ሳህኑ፣ «ያን ቀን በሰው ፊት ያልኩህን ሁሉ ወደ አፌ መልሻለሁ።»

«እኔስ?» አሉ ታናሹ። «እንደ ልጅ መለስኩልህ እኮ፤ ‹መለኪያህ ምንድን ነው?› ብዬ መጠየቅ ስችል።»

ምሁራንን ጨምሮ የብዙ ሰው ጠብ በዚህ ጥያቄ ይፈታል፤ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ማዶና ማዶ ሆነው ከመከራከራቸው በፊት «በምን ለካኸው? ቃሉን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ቢባባሉ ስንት ዓመት ይተርፍ ነበር!

ጥቅሙም ወዲያው ታየ። ባለ ሳህኑ መዝገባቸውን ሙሉ ልብሱን አልብሰው ወደ ኅብረቱ ላኩ። ታናሹ ላኩ፤ በወንዙ መካከል ያሉ ጣቢያዎችም ላኩ። ሁሉም በአንድ ቋንቋ ሲነበብ፣ ውኃው ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ይነሣል፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ንጹሕ ነው፣ ከድልድዩ በታች ግን ይደፈርሳል። ሰዎች ሄደው ቢያዩ አሸዋ አውጪዎች ዳርቻውን ንደውታል። የየጣቢያው ኃላፊ ብቻውን ቢሆን ይህን ዕድሜውን ሙሉ ቆጥሮ አያገኘውም ነበር፤ እያንዳንዱ የያዘው የአንድ ቦታ ቁራጭ ነውና። አሸዋ አውጪዎቹ ራቅ ያለ ስፍራ ተሰጣቸው፤ ዳርቻው ሣርና ዛፍ ተተከለበት። በኅብረቱ መዝገብም «ጥራት» የሚለው ቃል ከርእስነት ተባረረ፤ በፈንታው «ሳህኑ የታየበት ጥልቀት» እና «ድፍርስነት» የሚሉ ሁለት ርእሶች ለየብቻቸው ገቡ፤ ከእያንዳንዱም ሥር ማብራሪያ አለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ልትዪኝ ነዋ» አሏት ባለ ሳህኑ የወንድማቸውን ልጅ አንድ ቀን።

«አላልኩም አጎቴ።»

«በዓይንሽ ብለሻል።»

ታናሹም መሣሪያቸውን በሳጥን ይዘው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ወንድማማቾቹ በአንድ ጀልባ ወጡ፤ አንዱ ሳህኑን አወረደ፣ ሌላው ብልቃጡን ሞላ። ወንዙ በሚገባበት ስፍራ ሳህኑ ሳይጠፋ ካለፈው ጊዜ አንድ ቋጠሮ አልፎ ወረደ። ታናሹ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ታላቅ ወንድማቸውን ትከሻቸው ላይ መታ አደረጉ።

«ያብዛልህ ወንድሜ!»

ባለ ሳህኑ ገመዱን እየሳቡ፣ ልጅቱ ከዳር ሆና እስክትሰማ ጮኸው መለሱ፤

«ላንተም ያሳንስልህ!»