የሃያ ብር ደረሰኝ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ የእትዬ ሑስና ቤተሰቦች፣ አካም ኦልተን! ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላረጋግጥ፦ ለዛሬው የሽኝት ግብዣ ከእርዳታ ድርጅታችን ካዝና አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። ከየኪሳችን አዋጥተን ነው። በሉ እትዬ፣ አሁን በሰላም ይብሉ!

አትሳቁ፤ የደረሰብኝን ነው የማወራው። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት የፋይናንስ ኃላፊ ሆነው እዚህ አዳማ ቢሮ የመጡ ዕለት፣ እንኳን ደህና መጡ ብለን ምሳ ጋበዝናቸው። ገና እጃቸውን ሳይሰዱ፣ «አንተ ደገፋ፣ ይህን ማነው የሚከፍለው?» አሉኝ።

«ድርጅቱ ነዋ!»

«ከየትኛው በጀት?»

እኔ የፕሮግራም ሰው፣ በምን አውቄ? እሳቸው የራሳቸውን ከፍለው፣ ደረሰኝ ተቀብለው ወጡ። እኛም አንገታችንን ደፍተን አዋጣን።

ከዚያ ወዲህማ ያላየነው የለም። ለጋሽ በተገኘ ቁጥር እየሮጥኩ ቢሮአቸው እገባለሁ። «እትዬ፣ እሺ አሉን!» ስላቸው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «እሺ ባንክ አይገባም» ይሉኛል። ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ደግሞ «የከርሞው ባይመጣስ?» ይመጣል። ገንዘብ ያዣችን ኤቢሴ «እትዬ ባይመጣስ» የሚል ስም ያወጣችላቸው ያኔ ነው። አሁን ካድሽ አይደል፣ ኤቢሴ?

ደረሰኙስ! ቅዳሜ ቅዳሜ ባቱ ወርደው ከባጃጅ ሹፌሩ፣ ከዓሣ ሻጩ፣ ከአትክልት ነጋዴው መዋጮ ይሰበስባሉ። ሃያ ብር ለሰጠ ደረሰኝ፣ አስር ብር ለሰጠም ደረሰኝ። «ኧረ እትዬ፣ ወረቀቱ ከብሩ ይበልጣል!» ብዬ ስስቅባቸው፣ «እኔ የምፈልገው ሰውየውን ነው፤ ብሩ ይከተለዋል» አሉኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሰው ብሩ ምን እንደሠራ ለእያንዳንዱ ይነግሩታል። የባጃጅ ሹፌሩ ጃዕፈር፣ ይኸው እዚያ ተቀምጧል፣ «ዕቁብ ሰብሳቢያችን እንኳ እንዲህ አያስረዳን» ብሎኛል።

አሁን የምናዘዘው አለኝ። እትዬ በየዓመቱ እየቆነጠሩ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ገንዘብ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት እኔ፣ በዚያ ገንዘብ አዲስ መኪና ይገዛ ብዬ ለቦርዱ ጻፍኩ። ደብዳቤው ውስጥ «ኃላፊዋ ገንዘብ ላይ ተኝተዋል» የሚል አለበት። አነበቡት። መኪናው አልተገዛም። ለአሮጌዋ መኪና ግን አራት አዲስ ጎማ ፈቀዱልኝ።

አምና ዋናው ለጋሻችን፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አቁሜያለሁ የሚል ኢሜይል ላከልን። አዳሚ ቱሉ ባለው የምግብ ጣቢያችን በምግብ እጥረት የተጎዱ ስልሳ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ለእናቶቻቸው ምን እንደምል በሬን ዘግቼ ስለማመድ አረፈድኩ። ከሰዓት እትዬ ጠሩኝና «ደገፋ፣ አራት ወር አለን» አሉኝ። ያ «የተኙበት» ገንዘብ ነበር።

ቅዳሜውን አብረን ባቱ ወረድን። ጃዕፈር ነገሩን ሲሰማ፣ የስንት ዓመት ደረሰኙን በላስቲክ እንደታሰረ ከባጃጁ አወጣና «እኛ የት ሄደን ነው ጣቢያው የሚዘጋው?» አለ። ሃያ የሚሰጠው መቶ ሰጠ፤ ጎረቤቱንም ጎትቶ አመጣ። አራቱ ወር ሲያልቅ ጣቢያው በእነሱ መዋጮ ቀጠለ፤ ዛሬም ክፍት ነው። ገንዘብ አጥተን የመለስነው አንድም ሕፃን የለም።

እትዬ ሑስና፣ ያን ዕለት ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አፍሬ ተውኩት። ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ስለ ልጆቹም፣ እኔን ስለታገሱኝም አመሰግናለሁ። ገለቶማ!

ኤቢሴ፣ የደረሰኝ ጥራዙን እስቲ አቀብዪኝ። ያለ ደረሰኝማ አንሸኝዎትም። ላንብበው፦ «ከወይዘሮ ሑስና፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሳይጎድል ተቀብለናል። የተቀባይ ፊርማ፣ ደገፋ።» ዋናው የእርስዎ ነው፤ ቅጂው እኛ ጋ ይቀራል።

በሉ ተነሱ! ለስላሳችሁን፣ አምቦ ውሃችሁን ከፍ አድርጉ! እትዬ ሑስና፣ ጤናው፣ ዕድሜው፣ የልጅ ልጁ፣ «ባይመጣስ» ሳይባልበት፣ ሁሉም ይምጣልዎት!