እግዜር ለሲስተር ያዳላበት ነገር

ለሽኝቱ የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ሲስተር ብርሀንነሽ ጡረታ ስትወጣ እኔ ጥበቃው ፈንታው እስካሁን የጤና ጣቢያው በር ላይ ነኝ። በዕድሜ ግን ታላቋ ነኝ፤ የልደት ዘመኔን አሳስቶ የጻፈልኝን ሰው ነፍሱን ይማረው።

ሲስተር፣ መጀመሪያ ለሥራ የመጣሽ ለት ትዝ ይልሻል? ነጠላሽን ተከናንበሽ፣ ብቻሽን እያወራሽ ገባሽ። ለካስ ውዳሴ ማርያም እየደገምሽ ኖሯል። እኔ ምን አውቄ! ክንድሽን ያዝ አድርጌ ከአእምሮ ሕመምተኞቹ ወረፋ አስቀመጥኩሽ። "አባቴ፣ እኔ እኮ..." ስትይ፣ "አውቃለሁ እህቴ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚል፤ አርፈሽ ተቀመጪ" አልኩሽ። ተቀመጥሽ። ተራሽ ሲደርስ ገብተሽ የሐኪሙ ወንበር ላይ ቁጭ! ጀብሪል ከመድኃኒት ክፍሉ ሆኖ፣ "ጋሼ ፈንታው፣ ወላሂ ነርሷን ሊያሳክሟት ነበር!" እያለ እስከዛሬ ይስቅብኛል።

ምስሯንስ የማያውቅ አለ? ይቺ ሴት በሽተኛ ሲመጣላት "ምን ሆንክ?" አትልም። ሰፌድ ላይ ምስር ታፈሳለች፣ አጠገቡ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ጠጠሩን ትለቅማለች። ኋላ የሰውየው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ሰፌዱ ይመጣል። ወሬው ያን ጊዜ ነው። ቤተሰቡ በጠፍር አስሮ ያመጣውን እንኳ፣ "ፍቱት፣ እጁ ለሥራ ይፈለጋል" ነው የምትል።

አሁን የምቀናበትን ልናገር። ልጄን የሺእመቤትን ታውቃላችሁ። ከቤይሩት ስትመለስ አፏ ተዘግቶ ነው የመጣች። እናቷ የለች፤ ያለሁት እኔው ነኝ። ጸበል ወሰድኳት፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ ተሳልኩ። ዝም። ሲስተር መጣችና፣ "ጋሼ፣ ጸበሉንም ያስጠምቋት፣ ክኒኑንም ይስጧት፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ እግዜር ነው" አለች። "ክኒን ከጸበል ጋር አላጋጭም!" አልኩ። የነፍስ አባቴን ይዛብኝ መጣች፤ እሳቸውም ለሷ ፈረዱ።

ክኒኑ ተጀመረ። ከርሞ የሺ አወራች፤ ከሲስተር ጋር! ሳቀች፤ ከሲስተር ጋር! ክኒኑንም ከሷ እጅ እንጂ ከኔ አትቀበልም። ቤት ስትገባ አፏ ድፍን። ስግደቱን የሰገድኩ እኔ፤ ምነው እግዜር መልሱን ለሷ ላከው? ይቅር ይበለኝ፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳይቀር ቀንቼብሻለሁ።

አሁን ደግሞ ደሴ ልጅሽ ዘንድ ልትሄጂ ነው። የሺ ከማን እጅ ልትውጥ? ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ትናንት ምስር ገዛሁ። ሰፌዱን ይዤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጎንበስ ብዬ ጠጠር እፈልጋለሁ፤ ቀና ብዬ አላያትም፣ አልጠይቃትም። ቆየችና "አባ" አለች። ሰፌዱን ይዤ ቀና አልኩ።

"አባ፣ ይኼ እኮ የተለቀመ ነው። ምኑን ነው የምትፈልገው?"

ለካስ ባለሱቋ የሸጠችልኝ ተበጥሮ ተለቅሞ ያለቀውን ኖሯል! "ምን ላውቅ ልጄ" አልኳት። ሳቀች። በኔው ሳቀች! ክኒኑን ዘረጋሁላት፤ ዋጠችው።

ሲስተር፣ ተቀምጠሽ ሳታስተምሪኝ አስተምረሽኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ከዝምታ ያወጣሽ፣ እሱ ከክፉ ሁሉ ያውጣሽ።

በሉ፣ ጠላ የያዘም ለስላሳ የያዘም ያንሳ! ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የልጅ ልጅ ይክበብሽ፤ ቤተስኪያን የሚያደርስ ጉልበት አይንሳሽ።

ለየሺም ደውይላት። ግን ከራት በኋላ ይሁን፤ ራት ላይ ወሬዋ የኔ ነው።