የኩሬ ቆፋሪው ጥምጣም

የበዓሉ ሰሞን ሽማግሌው ቸላያ ጥምጣማቸው መታጠቡን ሊያዩ ወደ ኩሬው ሲወርዱ፣ ከማዱራይ ከተማ ከመጣው አውቶቡስ ገና የወረደችውን የወንድማቸውን የልጅ ልጅ ታማራይን ግድቡ ላይ አገኟት። ታማራይ ነርስ ናት፤ ሥራዋም ሰው የሞተባቸውን ቤተሰቦች የሟቹን ኩላሊትና ጉበት ለበሽተኛ እንዲሰጡ መለመን ነው። ከባድ እንጀራ ነው።

ጥምጣሙ በቤተ መቅደሱ በዓል ካህኑ በራስ ላይ የሚያስረው የመጀመሪያው ክብር ነው፤ ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ከቸላያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። የሚያጥበው ልብስ አጣቢው ሙኒያንዲ ነው። ዘንድሮ ግን አስጥቶት ሰው ሳያየው ቤቱ ገብቷል። ልጁ ካቲር ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ሲሞትበት የልጁን ኩላሊትና ጉበት ለበሽተኞች ሰጠ፤ መንደሩ ግን "ልጁን ሸጠ" ብሎ አማው። ከዚያ ወዲህ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።

ታማራይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ዘንድሮ ጥምጣሙ ለሙኒያንዲ ይታሰርለት አለች። ቸላያ ደማቸው ፈላ።

"ስሚ ልጄ፣ ዋጋ የተቀበሉበት ስጦታ ሽያጭ ነው። ሐሜተኛውስ 'ይኸው፣ ዋጋውን ተከፈለ' አይልም?"

እሷም ለአካል ገንዘብ መክፈልን እንደምትፈራ ነገረቻቸው። ገንዘብ ከገባበት ሰጪው ሁልጊዜ ድሃ፣ ተቀባዩ ሁልጊዜ ሀብታም ይሆናል፤ ክብር ግን የቸገረውን አስጨንቆ ስጥ ብሎ አያስፈርምም።

"ክብር ሰውን አይጎትትም ነው የምትይኝ? ለዚች ጨርቅ ስንቱ ፍርድ ቤት እንደተካሰሰ አልሰማሽም?"

ታማራይ ሳቀች። "እውነትዎን ነው አባባ፣ ይጎትታል። እኔም እንዲጎትት ነው የምፈልገው። ለመሆኑ ጥምጣሙ እናንተ ቤት እንዴት ገባ?"

ቸላያ ደረታቸውን ነፉ። ይህን ታሪክ መቼ ጠግበውት ያውቃሉ! በድርቁ ዘመን ቅድመ አያታቸው ይህን ኩሬ ቆፍረው አገሩን አጠጡ፤ መንደሩም ጥምጣም አሰረላቸው። በዚህ የቀኑ ጎረቤቶችም የየራሳቸውን ኩሬ ቆፈሩ።

"ታዲያ ቅድመ አያትዎ ውሃ ሸጡ?"

ቸላያ ወደ ኩሬው ዞሩ። ውሃውን አዩ፤ የተሰጣውን ጥምጣም አዩ። እኔስ ምን ቆፈርኩ? ሲሉ ራሳቸውን ጠየቁ። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ ጥያቄውም አመማቸው። "እስኪ ልሂድ" ብለው ተነሡ።

በበዓሉ ቀን ካህኑ ጥምጣሙን ይዞ ወደ ቸላያ ሲቀርብ፣ ከእጁ ተቀብለው በሕዝቡ መሐል አለፉና ከኋላ የተሸሸገው ሙኒያንዲ ፊት ቆሙ።

"የዚህ ሰው ልጅ ኩሬ ቆፍሯል" አሉ ጮክ ብለው። "የጠጡትን አናውቃቸውም እንጂ ጠጥተው ድነዋል። ሸጠ ያለ ካለ ፊቴ ቆሞ ይናገር።"

ከዚያም ጥምጣሙን በገዛ እጃቸው ያስሩለት ጀመር። ሙኒያንዲ ዕድሜ ልኩን ያጠበው ጨርቅ በራሱ ላይ ሲታሰር አለቀሰ፤ ከዚያም ቀና አለ።

ሐሜቱ በዚያው ሞተ። ከርሞ በጎረቤት መንደር ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ፣ ታማራይ ሳትለምነው "እንደ ካቲር ትስጥ" አላት። የማይቀረው ሐዘን ለሌላው ሕይወት፣ ለሟች ቤትም መኩሪያ ሆነ።

በዚያ በበዓሉ ቀን አንድ ቀልደኛ ግን ቸላያን ሳይነካ አላለፈም ነበር፤ "ዘንድሮ ባዶ ራስዎን ቀሩ" አላቸው።

"አዎ" አሉ ቸላያ። "ጥምጣሙን የቅድመ አያቴ አካፋ ነበር ያመጣልኝ። በገዛ እጄ የሠራሁት ግን ለሙኒያንዲ ማሰሬን ነው።"